ከሞያሌ እስከ ሞምባሳ፦ በአነስተኛ ወጪ ወደ ኬንያ ስለሚደረግ የጀርባ ቦርሳ ጉዞ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

በጀርባ ቦርሳ ወደ ውጭ አገር ስለ መጓዝ በተናገርኩ ቁጥር ከአዳራሹ ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ስንት ብር ቢኖረኝ ይበቃኛል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሚመጣበት ተራ ግን የተገለበጠ ይመስለኛል። የገንዘቡ መጠን ከሦስት ውሳኔዎች የሚወለድ ነው፤ ወደየትኛው አገር እንደምንሄድ፣ በየትኛው ወር እንደምንሄድና እዚያ ከደረስን በኋላ ስንት ጊዜ ከቦታ ቦታ እንደምንዛወር። እነዚህን ሦስቱን ገና ከቤቱ ሳይወጣ አስቦ የወሰነ ሰው መንገድ ላይ በሻይ ዋጋ መከራከር አያስፈልገውም፤ ያበላሸ ሰው ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ ዳቦ በሙዝ እየበላ ቢከርም ኪሳራውን አያካክሰውም። ዛሬ ይህን ሐሳብ በአንዲት አገር አሳያለሁ፤ አገሪቱም ኬንያ ናት።

በሌሎች አገሮች የሚጻፉት የርካሽ ጉዞ መምሪያዎች ስለ ቪዛ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተናግረው ያልፋሉ፤ ምክንያቱም የጸሐፊዎቹ ፓስፖርት አብዛኛውን በር ይከፍታል። ለእኛ ግን ዋናው ምዕራፍ ይኸው ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ ወደ አውሮፓ የሼንገን አገሮች ለመጓዝ ቢያስብ፣ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2024 ጀምሮ የማመልከቻው ክፍያ ለአዋቂ ሰው 90 ዩሮ ሲሆን፣ ማመልከቻው ውድቅ ቢደረግም ገንዘቡ ተመላሽ አይሆንም። በዚያ ላይ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድን፣ የባንክ መግለጫና የመኝታ ማረጋገጫ ይጠየቃል። ቆይቼ እንደማሳየው 90 ዩሮ ኬንያ ውስጥ ከሦስት ቀን በላይ የሚያኖር ገንዘብ ነው። ጉዞው ገና ሳይጀመር ሦስት ቀን በላነው ማለት ነው።

ወደ ኬንያ ግን ኢትዮጵያዊ ያለ ቪዛ ይገባል። ይህ የቆየ የሁለቱ አገሮች አሠራር ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ኬንያ ለማንኛውም ጎብኚ ቪዛን አስቀርታ በምትኩ የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ የሚባል ሥርዓት ዘርግታለች፤ ማን ፈቃዱን እንደሚጠየቅና ማን ነፃ እንደሚሆን የሚወስነው ደንብም ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ተሻሽሏል። ስለዚህ ከዚህ መድረክ የሰማችሁትንም ሆነ ባለፈው ዓመት የሄደ ወዳጃችሁ የነገራችሁን እንደ መጨረሻ ቃል አትውሰዱት፤ ከመነሻችሁ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ የኬንያን የኢሚግሬሽን ይፋዊ ድረ ገጽ እዩ። ያለ ቪዛ መግባት ማለት ያለ ማስረጃ መግባት ማለት አይደለም። የድንበር ሠራተኛው የት እንደምታርፉ፣ ስንት ቀን እንደምትቆዩና በምን እንደምትመለሱ ሊጠይቃችሁ ይችላል፤ ሦስቱንም በወረቀት ይዞ መገኘት ብዙ ነገር ያቃልላል።

ሁለት ሰነዶች ጊዜ ይወስዳሉ። አንዱ ፓስፖርቱ ነው፤ ከጉዞው ቀን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል መሆን አለበት። አዲስ የሚያወጣ ወይም የሚያሳድስ ሰው ወራት አስቀድሞ ቢጀምር ይመረጣል፤ አስቸኳይ ፓስፖርት ከመደበኛው በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ የዘገየ ሰው የባቡሩን፣ የፓርኩንና የአልጋውን ገንዘብ እዚሁ አዲስ አበባ ይከፍላል። ሁለተኛው የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የምንለው ነው። ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ሊያጋጥምባቸው ይችላል ከሚባሉት አገሮች አንዷ በመሆኗ ኬንያ ከእኛ የሚመጣን ተጓዥ ካርዱን ትጠይቃለች። ማስረጃው መሥራት የሚጀምረው ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ በመነሻ ዋዜማ የተከተበ ሰው ካርድ ይዞ ካርድ እንደሌለው ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት ደግሞ ካርዱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላልና አንድ ጊዜ የከፈልነው ክፍያ ለቀጣዮቹ ጉዞዎችም ይሆነናል።

ወደ ወሩ ልለፍ። ኬንያ ሁለት የዝናብ ወቅቶች አሏት፤ ረጅሙ በፈረንጆቹ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አጭሩ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ። እኛ ጃንጥላ ይዘን በምንዞርበት በሐምሌና በነሐሴ ናይሮቢ ደረቅ ናት። ለመምህርና ለተማሪ ይህ እንደ ሎተሪ የሚቆጠር ነው፤ የክረምት ዕረፍታችን ከእነርሱ ደረቅ ወቅት ጋር ይገጥማል። ነገር ግን ያው ወቅት ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚመጣው ጎብኚ የሚበዛበትም ስለሆነ በባሕር ዳርቻውና በትልልቆቹ ፓርኮች ዋጋ ይወጣል። በእኔ ግምት ለኪስም ለእግርም የሚስማማው ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ያለው ጊዜ ነው፤ የበዓሉ ግርግር አልፏል፣ መንገዱ ደረቅ ነው፣ አልጋም ይገኛል። በሐምሌ የምትሄዱ ግን ሹራብ አትርሱ። ናይሮቢ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በዚያ ወር ሰማይዋ ደመና ለብሶ ይውላል፣ ጠዋትና ማታም ይበርዳል። «ኬንያ ሙቅ ናት» ብለው በስስ ካናቴራ የሄዱ ሰዎች ሹራብ በሽልንግ ሲገዙ አይቻለሁ።

አሁን ስለ መንገዱ። ከአዲስ አበባ በሐዋሳ፣ በዲላና በያቤሎ በኩል እስከ ሞያሌ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከሞያሌ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ አድርጎ እስከ ናይሮቢም ከዚያ ብዙም የማይለይ ርቀት አለ። የሞያሌና የኢሲዮሎ መንገድ በአንድ ወቅት ጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥለው ሁለትና ሦስት ቀን የሚንገላቱበት አቧራማ ጎዳና ነበር፤ ዛሬ አስፋልት ነው። በሞያሌ የተሠራው የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በሁለቱ አገሮች መሪዎች ተመርቋል። ሐሳቡ መንገደኛ በሁለት ሕንጻ ሁለት ጊዜ መሰለፉን ትቶ የመውጫና የመግቢያ ጉዳዩን በአንድ ቦታ እንዲጨርስ ነው።

እዚህ ላይ የማላልፋቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ጸጥታ ነው። በደቡብ ኦሮሚያ የሚያልፈው መንገድ ባለፉት ዓመታት ሁልጊዜ ሰላማዊ አልነበረም። መንገዱ በዚያ ሳምንት እንዴት እንደሆነ የሚያውቁት የመናኸሪያ ሰዎችና ሾፌሮቹ ናቸው፤ እነርሱ «አትሂድ» ካሉ ቦርሳ አስቀምጦ ሌላ መንገድ ማሰብ እንጂ ርካሽ ነው ብሎ መሟገት አይገባም። ሁለተኛው ስለ ራሳችን ነው። ከሞያሌ ወደ ናይሮቢ የሚወስደው ጎዳና ወደ ደቡብ አፍሪካ በሕገ ወጥ መንገድ የሚሰደዱ ወገኖቻችን የሚያልፉበትም ስለሆነ፣ በየኬላው የሚቆሙት ፖሊሶች ኢትዮጵያዊ መልክ ያለውን ወጣት ደጋግመው ይጠይቃሉ። የጀርመኑ ወጣት ትልቅ ቦርሳውን ይዞ በዚያ መንገድ ሲያልፍ ቱሪስት ነው፤ የእኛው ወጣት ያንኑ ቦርሳ ተሸክሞ ሲያልፍ ግን ቱሪስት መሆኑን ማስረዳት ይጠበቅበታል። ያሳዝናል፤ ዕቅድ ግን ከእውነታው ይነሣል። ፓስፖርታችሁ የመግቢያ ማኅተም ተመቶበት በደረት ኪሳችሁ ይሁን፣ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ባለው ቦርሳ ውስጥ አይሁን። የመመለሻ ትኬትና የማረፊያ ቤት ማረጋገጫም አትሙና ያዙ፤ ስልክ ባትሪ ይጨርሳል። ማኅተም ሳያስመታ በደላላ አማካይነት ድንበር የተሻገረ ሰው ጥቂት ብር ያተረፈ ቢመስለውም የመጀመሪያው ኬላ ላይ ጉዞው ያበቃል።

በእነዚህ ምክንያቶች የምመክረው ድብልቁን ነው፤ ጸጥታው ሲፈቅድ በየብስ መሄድ፣ በአውሮፕላን መመለስ። ከናይሮቢ አዲስ አበባ በረራው ሁለት ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ የአንድ አቅጣጫ ትኬት ቀደም ብሎ ከተገዛ ሁለት ቀን ሙሉ የመንገድ ድካምና ምግብ ያስቀራል። ትኬቱ ሁለት ተጨማሪ አገልግሎት ይሰጣል፤ ለድንበሩ ሠራተኛ የመመለሻ ማስረጃ ይሆናል፤ የውጭ ምንዛሪ ለምትጠይቁት ባንክም የጉዞ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። ባንኮች ለመንገደኛ ዶላር ሲሸጡ ፓስፖርትና የጉዞ ማስረጃ ይጠይቃሉ፤ ደርሶ መልስ በየብስ የሚሄድ ሰው ምን ማስረጃ እንደሚቀበሉት አስቀድሞ ካልጠየቀ መስኮቱ ላይ ሊቸገር ይችላል።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ላንሣ፤ በራሴ የደረሰ ነው። የስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ «ሳ ሞጃ» ሲሉ አንድ ሰዓት ማለታቸው ሲሆን፣ እሱም የእኛው የጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። ይህን ስሰማ በጣም ደስ አለኝና አገሩ ሁሉ በእኛ ሰዓት የሚሄድ መሰለኝ። የአውቶቡስ ትኬቴ ላይ ግን 8:00 የሚል ተጽፎ ነበር። ስምንት ሰዓት ነው ብዬ ምሳዬን በልቼ፣ ቡናዬን ጠጥቼ ስደርስ አውቶቡሱ ከሄደ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። ሰው በአፉ የሚነግራችሁ ሰዓት በስዋሂሊው ቆጠራ ሊሆን ይችላል፤ በጽሑፍ ያለው ሁሉ ግን በፈረንጅ ነው። ትኬት የቆረጠላችሁን ሰው «ጠዋት ነው ከሰዓት?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም፤ እኔ ሳልጠይቅ ቀርቼ ሁለተኛ ትኬት ገዝቻለሁ። በወሩም እንዲሁ፤ አልጋ ስትይዙ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስባችሁ በፈረንጅ እንዳትጽፉ።

ገንዘቡን እንቁጠር። የሚከተለው የአሥራ አራት ቀን ረቂቅ የራሴ ስሌት ነው፤ እንደየሰዉ ፍላጎት ይወጣል ይወርዳል። የኬንያ ሽልንግ በቅርብ ጊዜ አንድ ዶላር በ129 ሽልንግ አካባቢ ሲመነዘር ቆይቷል። በናይሮቢና በባሕር ዳርቻው ብዙ አልጋ በአንድ ክፍል የተደረደረባቸው የተጓዦች ማረፊያዎች ለአንድ አልጋ በግምት ከ10 እስከ 20 ዶላር ይጠይቃሉ፤ ሁለት ወይም ሦስት ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ ግን ተራ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ አንድ ክፍል መካፈሉ አንዳንዴ ከዚህም ይረክሳል። ለአልጋ፣ ለምግብ፣ ለከተማ ትራንስፖርትና ለስልክ በቀን 30 ዶላር ይዤ አሥራ አራት ቀን 420 ዶላር አድርጌ አስባለሁ። ለረጃጅሞቹ መንገዶችና ለፓርክ መግቢያ 150 ዶላር ስጨምር 570 ይሆናል። በዚህ ላይ አንድ አምስተኛውን፣ ማለትም 114 ዶላር፣ የማይነካ መጠባበቂያ አደርጋለሁ፤ ጠቅላላው 684 ዶላር ነው። የመመለሻ አውሮፕላን ትኬቱ፣ ፓስፖርቱና ክትባቱ በብር የሚከፈሉ ስለሆኑ ለብቻ ይያዛሉ። መጠባበቂያው ሳይነካ ከተመለሰ ለሚቀጥለው ጉዞ መነሻ ይሆናል፤ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ገበያ ላይ የሚጠፋ ገንዘብ ግን አይደለም። ይህን የምለው የኪኮይ ጨርቅና የእንጨት ዝሆን እንዴት እንደሚያማልል ስለማውቅ ነው።

ዶላሩን ስትቀበሉ ያረጀ፣ የተቀደደ ወይም የቀለም ጭረት ያለበትን ኖት አትውሰዱ፤ የናይሮቢ ምንዛሪ ቤቶች አሮጌ እትም ኖቶችን ይመልሳሉ ወይም ዋጋ ይቀንሱባቸዋል። ድንበር ላይ ብር በሽልንግ እንቀይር የሚሉ ሰዎች ይመጣሉ፤ ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ የማያውቁትን ኖት በችኮላ የሚቆጥር ሰው ሁልጊዜ ይታለላል። ኬንያ እንደገባችሁ በፓስፖርታችሁ ሲም ካርድ አውጡና ኤም ፔሳ አስከፍቱበት። ይህ በስልክ ገንዘብ የማስተላለፍ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2007 እዚያው ኬንያ የተጀመረ ሲሆን፣ ዛሬ የጉልት ሻጯም የሞተር ሳይክል ታክሲውም የሚቀበሉት ነው። እዚህ አገር የከፈታችሁት ኤም ፔሳ ስሙ አንድ ቢሆንም ሥርዓቱ የተለየ ነው፤ እዚያ ይሠራልኛል ብላችሁ ገንዘብ አትተዉበት። ጥሬ ገንዘብ ተሸክሞ ከመዞር ጥቂት ጥቂቱን ወደ ስልክ ማስገባቱ ከሌባም ይጠብቃል፣ ያወጣችሁትንም ቁልጭ አድርጎ ያሳያችኋል።

ስለ ቦርሳው አጭር ልሁን። ከ10 ኪሎ ከበለጠ የያዛችሁት ቤታችሁን ነው። ሁለት ሱሪ፣ ሦስት ካናቴራ፣ አንድ ሹራብ፣ ቀላል የዝናብ ልብስና የተለማመዳችሁት ጫማ ይበቃል፤ ልብስ ማታ ታጥቦ ጠዋት ይደርቃል። ዳቦ ቆሎና በሶ ያዙ፤ እናቶቻችን ስንቅ የሚሉት ነገር ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ የተፈጠረ ነው፣ አይበላሽም፣ ከብዶ አያስቸግርም። ነገር ግን ስንቁን በፌስታል አትቋጥሩት። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2017 ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢትን በሕግ ከልክላለች፤ ቅጣቱም ቀላል አይደለም። እኛ ካልሲውን በፌስታል፣ ሳሙናውን በፌስታል፣ ጫማውን በፌስታል የምናስር ሕዝብ ነንና ይህን ከመነሳታችን በፊት በጨርቅ ከረጢት መቀየር ይኖርብናል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ውሳኔ፣ ስንት ቦታ እንሂድ ወደሚለው እመጣለሁ። አብዛኛው ዕቅድ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ሰው ካርታውን ዘርግቶ ማሳይ ማራን፣ ቱርካናን፣ ላሙን፣ የኬንያን ተራራ፣ ኪሱሙን ሁሉ በአሥራ አራት ቀን ይጽፋል። እያንዳንዱ ዝውውር የአውቶቡስ ገንዘብ፣ ከመናኸሪያ እስከ ማረፊያ የሚወስድ የሞተር ዋጋ፣ በማያውቁት ሰፈር የመጀመሪያ ቀን የሚከፈል የእንግዳ ዋጋና አንድ ግማሽ ቀን ይበላል። በአንድ ቦታ አራት ሌሊት ያደረ ሰው ግን ርካሹን ምግብ ቤት ያውቃል፣ የሚኒባሱን ትክክለኛ ታሪፍ ያውቃል፣ የአልጋውንም ዋጋ ለማስቀነስ አፍ አለው። ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ሦስት ቦታ በቂ ነው እላለሁ፤ ናይሮቢ፣ ናይቫሻና ሞምባሳ። በየብስ የሚሄድ ማርሳቢትን ለመንገድ ዕረፍት ይጨምር።

ማሳይ ማራ የት ሄደ የምትሉ ትኖራላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ለውጭ አገር ጎብኚ የመግቢያው ዋጋ ከጥር እስከ ሰኔ በቀን 100 ዶላር፣ ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ደግሞ 200 ዶላር ነው። ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ስላልሆነች ለዜጎቹ ያለው ቅናሽ እኛን አይመለከትም። አንድ ቀን በሐምሌ ማራ መዋል የስድስት ቀን ኑሮ ከግማሽ ይበላል፤ መኪናውና መኝታው ሳይቆጠር። ማራ ታላቅ ሥፍራ መሆኑን አልክድም፤ በዚህ በጀት የሚታይ ግን አይደለም።

ማርሳቢት ከበረሃው መካከል ብቅ ያለ፣ ደን የለበሰ ተራራ ነው። ሌሊቱን ሙሉ በአውቶቡስ ከመንገላታት አንድ ቀን እዚያ አድሮ በብርሃን መቀጠል ለአካልም ለዓይንም ይበጃል። በዚህ ደን አሕመድ የሚባል እጅግ ረጃጅም ጥርስ ያለው ዝሆን ይኖር ነበር፤ ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ እ.ኤ.አ. በ1970 በአዋጅ ጥበቃ እንዲደረግለት አዘዙለት፣ በ1974 በዕድሜ ሞተ። ምስሉ ናይሮቢ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ግቢ ቆሟል፤ ማርሳቢትን አይቶ ያለፈ ሰው ሙዚየሙ ሲደርስ የሚያውቁትን ሰው እንዳገኘ ያህል ይሰማዋል።

ናይሮቢ ስትደርሱ ከተቻለ በቀን ይሁን። ከሞያሌ የሚነሡት አውቶቡሶች ብዙዎቹ የሚጓዙት በሌሊት ስለሆነ ንጋት ሳይቀድ ሊያደርሷችሁ ይችላሉ፤ እንዲህ ከሆነ ቦርሳ አንግቶ ጨለማ ውስጥ ሰፈር ከመፈለግ ፀሐይ እስክትወጣ መናኸሪያው ውስጥ መቀመጥ ይሻላል። በከተማው ውስጥ ማታቱ የሚባሉት ሚኒባሶች የእኛ ታክሲዎች ወንድም ናቸው፤ ረዳት አላቸው፣ ሙዚቃቸው ይጮኻል፣ ዋጋቸውም ዝናብ ሲዘንብና የሥራ መውጫ ሰዓት ሲሆን ይጨምራል። ከሁለቱ ሰዓቶች ውጭ የሚንቀሳቀስ ሰው በግማሽ ዋጋ የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነው። በአነስተኛ ዋጋ ከሚታዩት መካከል የምወደው የካሩራ ደን ነው። ከአንድ ሺህ ሄክታር በላይ የሆነው ይህ ደን ዛሬ የቆመው፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ መሬቱ ለግንባታ እየተቆራረጠ ሲሰጥ ዋንጋሪ ማታይና አብረዋት የቆሙት ሰዎች ተደብድበውም ቢሆን ስለተከራከሩለት ነው። ማታይ እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀብላለች። ዛሬ ሰው ቤተሰቡን ይዞ ፏፏቴው ድረስ በእግሩ ይሄድበታል።

ናይቫሻ ከናይሮቢ በስተሰሜን ምዕራብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በማታቱ በሁለት ሰዓት ገደማ ይደረሳል። መንገዱ ወደ ስምጥ ሸለቆው ሲወርድ የሚታየው ገጽታ የእኛው የዝዋይና የላንጋኖ ሸለቆ ቀጣይ መሆኑን ለጂኦግራፊ ተማሪ መንገር አያስፈልግም። ድንኳን ያለው ሰው በሐይቁ ዳር ባሉ የካምፕ ቦታዎች ከአልጋ ባነሰ ዋጋ ያድራል፤ ሌሊት ጉማሬ ሣር ሊግጥ ስለሚወጣ አጥሩን ማለፍ ክልክል ነው። አቅራቢያው ያለው ሄልስ ጌት ብሔራዊ ፓርክ መኪና ሳይከራዩ በብስክሌትና በእግር ከሚገባባቸው ጥቂት ፓርኮች አንዱ ነው፤ የሜዳ አህያና ቀጭኔ መካከል ብስክሌት እየነዱ ማለፍ በየትኛውም ውድ ሳፋሪ የማይገኝ ደስታ አለው። በፓርኩ ባለው ጠባብ ገደል ውስጥ ግን በዝናብ ወቅት አትግቡ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 ድንገተኛ ጎርፍ እዚያ ሰባት ሰዎችን ገድሏል፤ ዝናቡ የሚዘንበው ካላችሁበት ርቆ ሊሆን ይችላል፣ ውኃው ግን ይደርሳል። ለአካባቢው መሪ የሚከፈለው ገንዘብ ከምትቆጥቧቸው ወጪዎች ውስጥ አይግባ። ከዚያው ከተማ ላይ 2,776 ሜትር ከፍታ ያለው የሎንጎኖት ተራራ በአንድ ቀን ተወጥቶ ይወረዳል፤ እንጦጦን የለመደ እግር አይቸገርም።

ከናይሮቢ ሞምባሳ ያለውን መንገድ በባቡር እንድትሄዱ አጥብቄ እመክራለሁ። እ.ኤ.አ. በግንቦት መጨረሻ 2017 የተመረቀው ይህ መስመር 472 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የተራው መደብ ዋጋ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ 1,500 ሽልንግ፣ ማለትም 12 ዶላር ገደማ ሆኗል። ሐዲዱ በፃቮ ፓርክ መካከል በከፍታ ላይ ተሠርቶ ያልፋል፤ ለዝሆኖቹ በሥሩ መሻገሪያ ተትቶላቸዋል። የጠዋቱን ባቡር ይዞ መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ሰው በቀይ አፈር የታጠቡ ዝሆኖችን የሚያይበት ዕድል ሰፊ ነው፤ በሌሊቱ ባቡር የሄደ ግን የሚያየው የራሱን መልክ በመስታወቱ ላይ ነው። ትኬቱ በበዓላትና በሳምንት መጨረሻ ቶሎ ስለሚያልቅ በስልክ ቀድሞ መቁረጥ ያስፈልጋል። ጣቢያዎቹ በሁለቱም በኩል ከከተማው ወጣ ያሉ መሆናቸውንም አስቡበት፤ ናይሮቢ ላይ ከመሃል ከተማ ወደ ጣቢያው የሚወስድ ሌላ ባቡር አለ፣ ሞምባሳ ላይ ማታቱ ይያዛል።

ሞምባሳ ላይ ብዙው ነገር በእግር ነው። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1593 መሥራት የጀመሩትን ፎርት ጂሰስን አይቶ በአሮጌው ከተማ ጠባብ መንገዶች መዞር ግማሽ ቀን ይወስዳል። ወደ ደቡቡ የባሕር ዳርቻ ለመሻገር የሊኮኒ ጀልባ ለእግረኛ በነፃ ነው፤ ከሺዎች ጋር ተጋፍቶ መሻገሩ ራሱ አንድ ትርዒት ነው። ከተማው ብዙ ሙስሊሞች የሚኖሩበት ስለሆነ በከተማው ውስጥ ጨዋ አለባበስ ይጠበቃል። ከናይሮቢ በተለየ ዳርቻው ወባማ ነው፤ አጎበር ያለበት አልጋ መያዝና ከመነሻ በፊት ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል።

ስለ ምግብ የምለው ብዙዎቻችሁን ያስደስት ይሆናል። ኬንያ ውስጥ «ሆቴሊ» ማለት በአብዛኛው የሚበላበት ቤት እንጂ የሚታደርበት አይደለም፤ የእኛም አገር ሰው «ሆቴል ገብቼ በላሁ» ስለሚል አንቸገርም። ኡጋሊ በሱኩማ ዊኪ፣ ማለትም የበቆሎ ገንፎ መሰል ነገር በጎመን፣ ወይም ቦሎቄና በቆሎ አብሮ የተቀቀለበት ጊቴሪ ከ150 እስከ 300 ሽልንግ ባለው ዋጋ ያጠግባል። በባሕሩ ዳርቻ ማሃምሪ የሚባል ጣፋጭ ብስኩት መሰል ዳቦ በኮኮነት ወተት ከተሠራ የእርግብ አተር ጋር ለቁርስ ይቀርባል። ልብ ብላችሁ ከሆነ የዘረዘርኳቸው ሁሉ የጾም ናቸው፤ የሚጾም ሰው በዚህ አገር አይቸገርም፣ ወጪውም ይቀንሳል። እንጀራ ሲናፍቃችሁ ናይሮቢ ውስጥ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች አሉ፤ ዋጋቸው ግን ከሱኩማ ዊኪው በብዙ ስለሚበልጥ ለመጨረሻው ቀን ብታቆዩት ይሻላል። በኢስሊ ሰፈር የሚኖሩ ወገኖቻችንም ብዙ ናቸው፤ ስለ አልጋና ስለ መንገድ በአማርኛና በኦሮምኛ የሚነገረው መረጃ ከብዙ መምሪያ ይልቅ ትኩስ ነው።

ካርታውን ከኋላዬ ሰቅዬዋለሁ፤ ከሞያሌ እስከ ሞምባሳ ያለውን መስመር በቀይ፣ የሚታደርባቸውን ቦታዎች በሰማያዊ አስምሬበታለሁ። የበጀቱን ረቂቅ ያዘጋጀሁበት ወረቀትም በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አለ፤ የዶላሩ አምድ ተሞልቷል፣ የብሩን አምድ ግን ባዶ የተውኩት ምንዛሪው በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ በየራሳችሁ እርሳስ እንድትሞሉት ነው። ጥያቄ ያላችሁ ወደ ካርታው ቀረብ በሉ።